መልእክቱ የት ቀረ? የድሮ ኔትወርኮችና ያልደረሱ ኢሜይሎች

ኖቬምበር 3 ቀን 1988፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንዲት አጭር ኢሜይል ወጣች። ላኪዋ ስሙን አልጻፈም። የተላከችው የኔትወርክ ባለሙያዎች ወደሚወያዩበት «ቲሲፒ-አይፒ» ወደተባለ የኢሜይል ዝርዝር (ወደ አንድ አድራሻ የተጻፈው ለአባላቱ በሙሉ የሚባዛበት) ነበር። ኢንተርኔት ላይ ቫይረስ ሳይለቀቅ አልቀረም፣ እንዳይዛመት እነዚህን ሦስት ነገሮች አድርጉ ትላለች። ከለቀቀው ሰው የመጣ የይቅርታ ቃልም ነበረባት።

ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዋዜማው ምሽት የለቀቀው ትል (ራሱን እያባዛ በኔትወርክ የሚዛመት ፕሮግራም) በዚያ ሰዓት በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖችን እያንበረከከ ነው። ማስጠንቀቂያዋ በጊዜ ብትደርስ ኖሮ ብዙ የሲስተም አስተዳዳሪ ያንን ሌሊት በጨለማ ባልተንከራተተ። ግን አልደረሰችም። ትሉ ከሚገባባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ራሱ ኢሜይል የሚያመላልሰው ፕሮግራም፣ ሴንድሜይል፣ ነበር። ስለዚህ አስተዳዳሪዎቹ ማሽናቸውን ለማዳን ኢሜይሉን ዘጉ። አንዳንዶቹ ጭራሽ ከኔትወርኩ ወጡ። መፍትሔውን የያዘችው መልእክት መንገድ ላይ ቀረች። አብዛኛው አንባቢ ያያት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

(እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልብ በሉ፣ መልእክቷ አልጠፋችም። አንድ ማሽን ተቀብሏታል። ለቀጣዩ ለማቀበል ግን ቀጣዩ የለም። ላኪው ደግሞ ልኬያለሁ ብሎ ያምናል። የድሮዎቹን ኔትወርኮች ታሪክ ሳነብ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይኸው ነው። መስመር ይበጠሳል፣ ማሽን ይሞታል፣ ይሄ ያለ ነው። ከዚያ የሚብሰው ላኪውም ተቀባዩም መልእክቱ የት እንደቀረ የሚያውቁበት መንገድ አለመኖሩ ነበር። ዛሬም የማኅበር ወይም የቤተ ክርስቲያን ኢሜይል «አልደረሰኝም» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ ዘመን ሥር የሚመዘዝ ነው።

ከመነሻው እንጀምር። ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት ላይ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ የመጀመሪያውን ኢሜይል ሲልክ ነገሩ ቀላል ነበር። የላኪው ማሽን የተቀባዩን ማሽን በቀጥታ ያገኘዋል። ከተነሳ ያስረክባል፣ ካልተነሳ ቆይቶ ይሞክራል። በ1975 «ኤምኤስጂግሩፕ» የተባለው የውይይት ዝርዝር ተፈጠረ፤ ከመጀመሪያዎቹ የኢሜይል ዝርዝሮች አንዱ ነው። ችግሩም አብሮ መጣ። አንድ መልእክት ለመቶ ሰው ሲሆን መቶ ርክክብ ይሆናል። ከመቶው ማሽን ጥቂቱ ሁልጊዜ ጠፍቷል፣ ጥገና ላይ ነው፣ ወይም ዲስኩ ሞልቷል። «ኤስኤፍ-ላቨርስ» የተባለው የሳይንስ ልቦለድ ወዳጆች ዝርዝር ጫናው ሲበዛበት መልእክቶቹን እየሰበሰበ በአንድ ጥራዝ ወደ መላክ ዞረ።

አንዳንዴ ጥፋቱ የኔትወርኩም አልነበረም። በሜይ 1978 «ዲጂታል» የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ የሽያጭ ሰው ጌሪ ተርክ ለአዳዲስ ኮምፒውተሮቹ ማስታወቂያ በምዕራብ አሜሪካ ላሉ 400 ገደማ የአርፓኔት ተጠቃሚዎች ለመላክ ተነሳ። የመጀመሪያው ስፓም እየተባለ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ብዙም የማይወራው ክፍል ግን ለኛ ጉዳይ ይበልጥ ይጠቅማል። የኢሜይል ፕሮግራሙ መያዝ የሚችለው 320 ያህል አድራሻ ብቻ ነበር። የተረፉት አድራሻዎች ሞልተው ፈሰሱና መልእክቱ ራሱ ውስጥ ገቡ። 320ዎቹ ደረሳቸው። የቀሩት መጀመሪያ ላይ አልደረሳቸውም። በሌላ በኩል የደረሳቸው ሰዎች የማያውቋቸውን ሰዎች አድራሻ ተደርድሮ አነበቡ። ፕሮግራሙ «በዛብኝ» ብሎ አልቆመም። የሆነውን ያህል ሠርቶ ዝም አለ።

ከአርፓኔት ውጭ የነበረው ዓለም ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። አርፓኔት ለአሜሪካ መከላከያ ጥናት የሚሠሩ ተቋማት መስመር ነበር። ሌላው ዩኒቨርሲቲ የራሱን መፍትሔ ፈለገ። በ1981 የኒውዮርክ ሲቲ ዩኒቨርሲቲና የል ዩኒቨርሲቲ በአንድ የኪራይ ስልክ መስመር ተገናኙ፤ ቢትኔት ተወለደ። ደንቡ ቀላልና ርካሽ ነበር፦ መግባት የሚፈልግ ተቋም ቅርቡ ወዳለው አባል የሚደርስ መስመር ይከራይ፣ ለሌላውም መልእክት ያሳልፍ። ኔትወርኩ በዚህ መንገድ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አወጣ። ዛፍ ደግሞ አንድ ቅርንጫፍ ሲሰበር ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይቆረጣል። መሀል ያለው ዩኒቨርሲቲ ቅዳሜና እሑድ ማሽኑን ለጥገና ካጠፋ፣ ከሱ ኋላ ያሉት ሁሉ እስከ ሰኞ ይጠብቃሉ።

ፍጥነቱንም አስቡት። የተለመደው የቢትኔት መስመር በሴኮንድ 9600 ቢት ያሳልፋል። አንድ ሜጋባይት የሚሆን ፋይል በዚያ ለመሄድ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ያውም መስመሩ ነፃ ከሆነ። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶ ከዚያ ትበልጣለች። አሁን ሁለት መቶ አውሮፓውያን አንባቢ ያለው አሜሪካ የተቀመጠ ዝርዝር አስቡ። አንድ መልእክት በወጣ ቁጥር ያው ጽሑፍ ሁለት መቶ ጊዜ በአንዱ ቀጭን የአትላንቲክ መስመር ይግተለተላል። ከኋላው ያለው የሌላ ሰው ደብዳቤ ይጠብቃል።

ይህን የፈታው ፓሪስ ውስጥ ተማሪ የነበረው ኤሪክ ቶማስ ነው። ከሱ በፊት የቢትኔት ዝርዝሮች በሰው እጅ ነበር የሚያዙት። ልግባ ያለ ሰው ጥያቄ ይልካል፣ የማዕከሉ ሠራተኛ እስኪያስገባው ቀናት ይጠብቃል። ቶማስ በ1986 ሊስትሰርቭን ጻፈ። ፕሮግራሙ አባላትን ራሱ ያስገባል፣ ራሱ ያስወጣል። ከሁሉ በላይ የወደድኩት የአደላደል ዘዴውን ነው። ለአንድ አካባቢ አንድ ቅጂ ብቻ ይልካል፤ እዚያ ያለው ሌላ ሊስትሰርቭ ለየሰዉ ያባዛል። የሁለት መቶው ጉዞ ወደ ጥቂት ወረደ። ይህ ድንቅ ሥራ ነው። ሆኖም አዲስ የመቅረቻ ቦታም ጨመረ። የአካባቢው አባዢ ካልሠራ፣ መልእክቱ የአንድ አገር አንባቢዎችን በሙሉ ይዘላል። የሌላው አገር ሰዎች መልስ ሲሰጣጡ ያዩና «ስለ ምን ነው የምታወሩት?» ብለው ይጠይቃሉ።

በሦስተኛው ሠፈር ዩዩሲፒ ነበር፣ የዩኒክስ ማሽኖች በስልክ እየተደዋወሉ ደብዳቤ የሚለዋወጡበት። እዚህ አድራሻ ማለት መንገድ ነው። ከአሜሪካ አምስተርዳም ላለ ሰው የሚጽፍ «ሴይስሞ!ኤምሲቫክስ!እገሌ» እያለ መልእክቱ የሚያልፍባቸውን ማሽኖች በቃለ አጋኖ እየለየ ራሱ ይደረድራል። ሴይስሞ ቨርጂኒያ ውስጥ የነበረ ማሽን ነው፣ ኤምሲቫክስ አምስተርዳም። የሁለቱ አህጉራት ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ በነዚህ ሁለት በኩል ያልፍ ነበር። መሀል ካሉት ማሽኖች አንዱ ስሙን ከቀየረ ወይም ከኔትወርኩ ከወጣ አድራሻው ሞተ። ሰው ቤቱን ሳይቀይር ጎረቤቱ በመልቀቁ ብቻ ደብዳቤ ይቀርበታል።

ጥሪው ደግሞ የሚደረገው በሌሊት ነው። ስልክ ርካሽ የሚሆነው ያኔ ነዋ። አንድ ማሽን ማታ ይቀበልና ለቀጣዩ የሚደውለው በማግሥቱ ሌሊት ሊሆን ይችላል። አምስት ማሽን መሀል ካለ፣ ሲከፋ አምስት ቀን። አራተኛው ማሽን ላይ ቢሰናከል «አልሆነም» የሚለው ማስታወቂያ በዚያው መንገድ ወደ ኋላ ይጓዛል፣ ያውም መመለሻውን መንገድ የሚያውቅ ከተገኘ። ማስታወቂያው ራሱ መንገድ ላይ የሚቀርበት ጊዜም ነበር። ላኪው ዝምታ ብቻ ይሰማል። ዝምታው «ደርሷል» ይሁን «ጠፍቷል» የሚለይበት ምንም የለውም።

ሦስቱ ዓለማት ሲገናኙ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አንድ አድራሻ ውስጥ ቃለ አጋኖም የ@ ምልክትም ካለ ማን ይቀድማል? የአርፓኔት ማሽን ከ@ ቀጥሎ ወዳለው ስም ይልካል። የዩዩሲፒ ማሽን ከቃለ አጋኖው በፊት ወዳለው። ያው አድራሻ እንደ ማሽኑ ወደ ሁለት የተለያየ ቦታ ይሄዳል። በ1986 የወጡ ሁለት ሰነዶች ነገሩን አቀለሉት። አንደኛው የዩዩሲፒ ዓለም ወደ ኢንተርኔት አድራሻ አጻጻፍ የሚገባበትን መንገድ አስቀመጠ። ሌላው «ለዚህ ስም የሚመጣ ኢሜይል ለዚያ ማሽን ይሰጥ» የሚል መዝገብ ዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስሞች ማውጫ) ውስጥ የሚያዝበትን ደነገገ። እስከዚያ ድረስ የበር ጠባቂነቱ ሥራ በሴንድሜይል ውቅር ፋይል ላይ ወደቀ። በዚያ ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር ከተሳሳተች የአንድ ተቋም ደብዳቤ በሙሉ ወዳልተፈለገበት ይነጉድ ነበር።

እስካሁን ያልኩት በማንኛውም ኢሜይል ላይ ይደርሳል። የኢሜይል ዝርዝር ግን የራሱ የሆነ ችግር አለው። እሱ ላይ ረዘም ልበል፣ ምክንያቱም ዛሬም ያልተፈታው እሱ ነው።

ኢሜይል ሁለት ላኪ አለው። አንዱ ከላይ «ከ፦» በሚለው ቦታ የምናነበው ስም ነው። ሌላው ማሽኖች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት፣ እኛ የማናየው የመመለሻ አድራሻ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆን ፖስቴል በ1982 ባሰፈረው የኢሜይል ደንብ ስህተት ሲፈጠር ማስታወቂያው መሄድ ያለበት ወደ ሁለተኛው ነው። ለአንድ ሰው በተላከ ደብዳቤ ሁለቱ አንድ ስለሆኑ ልዩነቱ አይታወቅም። በዝርዝር ግን ሁለቱ ይለያያሉ። የጻፈው አበበ ነው እንበል፣ ያባዛው የዝርዝሩ ማሽን። የአንዱ አባል ሳጥን ሞልቶ መልእክቱ ቢመለስ የሚነገረው ለማን ነው? ለአበበ ቢነገረው ምንም ማድረግ አይችልም፤ አባሉን አያውቀውም፣ ዝርዝሩ ውስጥ ማን እንዳለም አያውቅም። ስለዚህ መነገር ያለበት ለዝርዝሩ ባለቤት ነው።

ደንቡን የሚያከብሩት ግን ሁሉም አልነበሩም። ብዙ የቢትኔትና የሌሎች ኔትወርኮች ፕሮግራሞች ማስታወቂያውን ከላይ ለሚነበበው ስም ወይም ለመልስ መስጫው አድራሻ ይመልሱት ነበር። መልስ መስጫው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ራሱ ነው። አሁን የሚሆነውን ተመልከቱ። የአንድ አባል ሳጥን ይሞላል። ማሽኑ «አልደረሰም» ብሎ ለዝርዝሩ ይጽፋል። ዝርዝሩ ይህን እንደ አዲስ መልእክት ቆጥሮ ለሁሉም ያባዛል። ለዚያው ሳጥኑ ለሞላው አባልም ይልክለታል። እሱም እንደገና ይመለሳል። ማንም ሰው ሳይነካው ሌሊቱን ሙሉ ይዞራል። ጠዋት ሰዎች ሲገቡ ሳጥናቸው በማሽን ደብዳቤ ተጨናንቋል፣ የነሱም ዲስክ ሞልቶ እውነተኛው መልእክት መግቢያ ያጣል። የፖስቴል ደንብ መድኃኒቱን ቀድሞ አስቀምጦ ነበር፦ የስህተት ማስታወቂያ የመመለሻ አድራሻው ባዶ ይሁን፣ በስህተት ላይ ስህተት እንዳይወለድ። ሊስትሰርቭም አዙሪትን የሚይዝ መቆጣጠሪያ ተጨመረለት። ብዙ አስተዳዳሪ ይህን የተማረው ግን ከደረሰበት በኋላ ነው።

ሌላው የዝርዝር ፈተና የሞተ አድራሻ ነው። ተማሪ ይመረቃል፣ ሠራተኛ ይለቃል፣ አድራሻው ዝርዝሩ ውስጥ ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ ደብዳቤውን ወደ ሌላ ሳጥን ያዛውራል። ሁለተኛው ሳጥን ሲዘጋ የሚመጣው ማስታወቂያ ባለቤቱ በመዝገቡ ፈልጎ የማያገኘው ስም ይዞ ይመጣል። ማንን ያስወጣ? ዳን በርንስታይን በ1990ዎቹ ያመጣው ዘዴ ለዚህ ነው። ለእያንዳንዱ አባል የሚሄደው ቅጂ የመመለሻ አድራሻው ውስጥ የዚያን አባል አድራሻ ደብቆ ይይዛል። ሲመለስ የማን እንደሆነ ራሱ ይናገራል። ቀላል ይመስላል፤ ግን ዝምታውን የሰበረው ይህን የመሰለ ሥራ ነው።

መልእክቱ ደርሶም ያልደረሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቢትኔት የተሠራው ለአይቢኤም ማሽኖች ነው። እነሱ ፊደል የሚቆጥሩበት ሰንጠረዥ ከሌላው ይለያል፣ መስመራቸውም በጡጫ ካርድ ልክ 80 ፊደል ነው። በሁለቱ ድንበር ላይ ሲተረጎም አራት ማዕዘን ቅንፍ ([ ])፣ የቃለ አጋኖ ምልክት፣ ወደ ግራ ያዘነበለችው ጭረት (`) ሌላ ነገር ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ፕሮግራም ለላከ ሰው ይህ ሞት ነው። ዛሬ አባሪ ፋይሎች የሚታሸጉበት «ቤዝ64» የሚጠቀማቸው ፊደሎች የተመረጡት በዚያ ድንበር ሳይበላሹ የሚያልፉት ተለይተው ነው።

ይህ የኛንም ሰዎች ይነካል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የነበሩ ኢትዮጵያውያን በኢሜይል ዝርዝሮች ሲወያዩ የግዕዝ ፊደል መላክ አይቻልም ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ስለዚህ አማርኛ በላቲን ይጻፋል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ለዚህ ሥርዓት አበጁ። በሥርዓቱ ትንሿ ቲ ተ ናት፣ ትልቋ ቲ ጠ። ትልቋ መንገድ ላይ ትንሽ ብትሆን «መጣ» የተባለው ሰው «መታ» ይሆናል። ሠን ከሰ የምትለየው ደግሞ ከፊቷ የምትገባ ያችው ወደ ግራ ያዘነበለች ጭረት ናት፣ በድንበር ላይ ከማይታመኑት ምልክቶች አንዷ።

አዲስ አበባስ? ኢንተርኔት በቴሌኮሙኒኬሽን በኩል በ1997 ከመከፈቱ በፊት ከተማዋ ኢሜይል ነበራት። በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ የነበረው ፓዲስ የተባለ የልማት መረጃ ክፍል የፊዶኔት ጣቢያ ያንቀሳቅስ ነበር። ፊዶኔትን ቶም ጄኒንግስ በ1984 በሳን ፍራንሲስኮ ሲጀምረው ለግል ኮምፒውተሮች ነበር፦ አንድ ማሽን፣ አንድ ሞደም፣ አንድ ስልክ። የአዲስ አበባው መልእክት ታሽጎ በዓለም አቀፍ ጥሪ ለንደን ወዳለው ግሪንኔት ወደተባለ የኔትወርክ አገልግሎት ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ቀረው ዓለም። መስመሩ ከተንጫጫ ጥሪው ይቋረጣል። ብዙ የፊዶኔት ፕሮግራሞች ረጅም መልእክት ስለማይችሉ ይቆርጡታል ወይም ይከፋፍሉታል። ለዝርዝር አባል ይህ ከባድ ነው። ኒውዮርክ ያለው አባል በነፃ የሚያነበው ቀን ሙሉ የሚዘንብ ወሬ፣ አዲስ አበባ ላለው በደቂቃ የሚከፈልበት ስልክ ነው። ብዙ ወሬ ያለበት ዝርዝር ውስጥ መቆየት አቅም ይጠይቃል። በዚያ መስመር ያንን ሥራ ያስቀጠሉት ባለሙያዎች ከሚገባቸው በታች ነው የተወራላቸው።

አሁን ወዳለንበት እንምጣ። ሞደሙም ቢትኔቱም የሉም፣ ኢሜይል በሴኮንዶች ይደርሳል። የሁለቱ ላኪ ጉዳይ ግን እንዳለ ነው። በአፕሪል 2014 ያሁ «ከያሁ አድራሻ ተጻፈ የተባለ ኢሜይል ከኛ ሰርቨር ወይም በኛ ዲጂታል ፊርማ ካልመጣ አትቀበሉት» የሚል መመሪያ አወጀ። ዓላማው በሰው ስም የሚያጭበረብሩትን ማስቆም ነበር፣ ተገቢም ነው። ነገር ግን የኢሜይል ዝርዝር ሥራው ራሱ ያ ነው። የአበበን መልእክት ተቀብሎ፣ በአበበ ስም፣ ከራሱ ሰርቨር ይልካል። ርእሱ ላይ የዝርዝሩን ስም፣ ግርጌው ላይ ማስታወሻ ሲጨምር የያሁ ፊርማም ይፈርሳል። ጂሜይልና ሌሎች መልእክቱን መለሱት።

የተመለሰው የት ሄደ? በደንቡ መሠረት ወደ ዝርዝሩ ማሽን። ማሽኑ ደግሞ የተመለሰ ሲበዛ «ይህ አድራሻ ሞቷል» ብሎ አባሉን ያስወጣል። ስለዚህ አንድ የያሁ ተጠቃሚ ጥቂት ጊዜ በጻፈ ቁጥር ምንም ያላጠፉ የጂሜይል አባላት ከዝርዝራቸው ተባረሩ። ብዙዎቹ መባረራቸውን ያወቁት ዘግይተው ነው። ከዚያ በኋላ ዝርዝሮች «ከ፦» በሚለው ቦታ የራሳቸውን አድራሻ መጻፍ ጀመሩ፤ ዛሬ «እገሌ በእገሌ ዝርዝር በኩል» የሚለው የሚታየው ለዚህ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ጂሜይልና ያሁ ደንቡን አጠበቁ። ለጂሜይል አድራሻዎች በቀን 5,000 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መልእክት የሚልክ ፊርማውንና መመሪያውን በዲኤንኤስ ማሳወቅ አለበት፣ እንደ ስፓም የሚያስከስሰው ድርሻም ከ0.3 በመቶ እንዲያንስ ይጠበቃል።

ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ያለ እድር ወይም ማኅበር አምስት ሺህ መልእክት በቀን ላይልክ ይችላል። ችግሩ ግን ይነካዋል። ጸሐፊው የግል የያሁ ወይም የጂሜይል አድራሻውን እንደ ላኪ አስገብቶ በሌላ ድርጅት የጅምላ መላኪያ ሲጠቀም፣ የአባላቱ ሰርቨር የሚያየው በሰው ስም የመጣ እንግዳ ነው። ወይ ይመልሰዋል ወይ ስፓም ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። የቀብር ወይም የስብሰባ ጥሪ ሲሆን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የማኅበሩን የራሱን የዌብ ስም ገዝቶ ከዚያ መላክና በመላኪያ ድርጅቱ መመሪያ መሠረት የዲኤንኤስ መዝገቡን ማሟላት አብዛኛውን ይፈታል።

የዘገየ መልእክት የት እንደቆየ ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ የኢሜይሉን ሙሉ ራስጌ ይክፈት። ጂሜይል ላይ በኮምፒውተር ሲከፍቱት በሦስቱ ነጥቦች ሥር ዋናውን ጽሑፍ የሚያሳይ ምርጫ አለ። እያንዳንዱ ማሽን መልእክቱን ሲቀበል ስሙንና ሰዓቱን ከላይ ይጨምራል፤ ስለዚህ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው። በሁለት መስመሮች መሀል ሦስት ሰዓት ከተዘለለ መልእክቱ የቆመው እዚያ ነው። ሰዓቶቹ በተለያየ አገር ሰዓት ስለሚጻፉ ከጎናቸው ያለውን ልዩነት መቁጠር እንዳይረሳ።